ስለ ሳንባ ካንሰር «አዲስ መድኃኒት ተገኘ» ሲባል ምን እንጠይቅ?

አንድ አባት እናስብ። ዕድሜያቸው ስልሳ ገደማ ነው። የጉልምስና ዘመናቸውን ያሳለፉት ከአቃቂ ፋብሪካዎች በአንዱ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ደግሞ ቃሊቲ በሚገኘው ቤታቸው በር ላይ የብየዳ ሥራ ይሠራሉ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ሳል አልለቃቸው ብሏል። ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ በአንድ ጎናቸው መተኛት አቅቷቸዋል። ጤና ጣቢያ ሄደው ከታዩ በኋላ ራጅ ሲነሡ «ሳንባዎ ውኃ ቋጥሯል» ተባሉ። የቲቢ መድኃኒትም ተጀመረላቸው። ሁለት ወር ሞላ፤ ለውጥ የለም። ውኃው ተቀዳ፤ ተመልሶ ሞላ።

ይህን ጊዜ ነው ቤቱ በምክር የሚሞላው። አንዱ ጎረቤት «ፍቱን የሆነ የቅጠል መድኃኒት የሚሰጥ ሰው አውቃለሁ» ይላል። አንዱ ዘመድ «ውጭ አገር አዲስ መርፌ ተገኝቷል፤ ቤቱን ሸጠንም ቢሆን እንላካቸው» ይላል። ልጃቸው ደግሞ በስልኳ ላይ «ክሊኒካዊ ሙከራ» የሚል ነገር አንብባ «እዚያ ብናስመዘግባቸውስ?» ስትል እናት ይደነግጣሉ። «አባትሽን መሞከሪያ ልታደርጊው ነው?» ይላሉ።

እኚህ አባት ለምሳሌ ያህል የቀረቡ ናቸው። ጭንቀቱ ግን የምናብ አይደለም። በሳንባና በሳንባ ሽፋን ካንሰር የተጠረጠረ ሰው ያለበት ቤተሰብ ሁሉ፣ ይዋል ይደር እንጂ «አዲስ ሕክምና» ከሚለው ቃል ጋር መገናኘቱ አይቀርም። በዚህ ጊዜ እውነተኛውን የሕክምና ሙከራ ከተራ ሙከራና ከንግድ መለየት ገንዘብንም ዕድሜንም ያተርፋል። የዛሬው ጽሑፋችን በዚሁ ላይ ያተኩራል።

ከበሽታው በፊት፡ የምንተነፍሰው አየር

አቃቂ ቃሊቲ ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች መካከል በኢንዱስትሪ ቀጣናነቱ ይታወቃል። የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረት፣ የምግብና የግንባታ ዕቃ ፋብሪካዎች በብዛት የሚገኙት በዚሁ አካባቢ ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወጡና ከጅቡቲ የሚገቡ ከባድ ተሽከርካሪዎችም በዚያው ያልፋሉ። በየመንገዱ ዳር ብየዳ፣ ድንጋይና እምነበረድ ቆረጣ፣ የመኪና ጥገና ይከናወናል።

በዓለም ጤና ድርጅት ሥር የሚገኘው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለሰው ልጅ ካንሰር አምጪነታቸው ተረጋግጧል ብሎ በአንደኛ ደረጃ ካሰፈራቸው ነገሮች መካከል ሲጋራ፣ አስቤስቶስ፣ ከድንጋይና ከአሸዋ የሚነሣው የሲሊካ አቧራ ይገኙበታል። እ.አ.አ በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስ፣ በ2013 የተበከለ የውጭ አየር፣ በ2017 ደግሞ የብየዳ ጭስ በዚሁ ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። ይህ ማለት የበየደ ሁሉ ወይም በፋብሪካ የሠራ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ለሳንባ ካንሰር ዋነኛው መንሥኤ ዛሬም ትምባሆ ነው። ሆኖም የሥራ ቦታ አቧራና ጭስ በሲጋራ ላይ ሲደመር አደጋው በእጅጉ ይጨምራል። አጭሰው የማያውቁ ሰዎችም በሳንባ ካንሰር ይያዛሉ።

አስቤስቶስ ለብቻው ሊነሣ ይገባል። እሳት የማይበግረው የማዕድን ጭረት በመሆኑ ለረጅም ዘመን በዓለም ዙሪያ ለጣሪያ ክዳን፣ ለውኃ ቧንቧ፣ ለቦይለር መጠቅለያና ለመኪና ፍሬን ሸራ ሲያገለግል ቆይቷል። በዓይን የማይታዩት ጭረቶቹ በትንፋሽ ገብተው በሳንባና በሽፋኑ ላይ ይሰካሉ። ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ድምፃቸውን አጥፍተው ይቆዩና ሜሶቴሊዮማ የሚባለውን የሳንባ ሽፋን ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ። በሽታው በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ የሚታይ ቢሆንም ለሕክምና እጅግ አስቸጋሪ ነው። በወጣትነቱ የተነፈሰው አቧራ በጡረታ ዘመኑ ሊመጣበት ስለሚችል፣ አንድ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ «ድሮ ምን ይሠሩ ነበር?» ተብሎ ባይጠየቅ እንኳ ራሱ መናገር አለበት።

ቲቢ ነው ወይስ ሌላ?

ሳንባችን በሁለት ስስ ሽፋኖች የተከበበ ነው። በሽፋኖቹ መካከል ያለው ጥቂት ፈሳሽ እንደ ቅባት ሆኖ ሳንባ በተነፈስን ቁጥር ያለ ችግር እንዲንሸራተት ያደርጋል። ሽፋኑ ሲታመም ይህ ፈሳሽ ከመጠን በላይ ይጠራቀማል። «ሳንባው ውኃ ቋጠረ» የሚባለው ይህ ነው። ውኃው ራሱ በሽታ ሳይሆን የሌላ በሽታ ምልክት ነው። ቲቢ፣ የሳንባ ምች፣ የልብ ድካም፣ የኩላሊትና የጉበት ሕመም ሊያመጡት ይችላሉ። የሳንባ ካንሰር፣ ከጡት ወይም ከሌላ አካል የተሰራጨ ካንሰር፣ አልፎ አልፎም ሜሶቴሊዮማ መንሥኤ ይሆናሉ።

ቲቢ በአገራችን በስፋት የሚገኝ በሽታ በመሆኑ የጤና ባለሙያ አስቀድሞ እሱን መጠርጠሩ ትክክል ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው ለቲቢ መመርመር አለበት። ችግሩ የሚመጣው በአክታ ወይም በሌላ ምርመራ ሳይረጋገጥ የተጀመረ የቲቢ ሕክምና ለውጥ ሳያመጣ ሲቀርና ማንም ደግሞ ሳይጠይቅ ወራት ሲያልፉ ነው። ሳል፣ የክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ የደረት ውጋት በሁለቱም በሽታዎች ይታያሉ። ስለዚህ መድኃኒቱን በሥርዓቱ እየወሰዱ ሁለት ወር ሞልቶ መሻል ከሌለ፣ የተቀዳው ውኃ ተመልሶ ከሞላ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ ወይም ደም ያለው አክታ ከቀጠለ «ሌላ ነገር ይሆን?» ብሎ መጠየቅ የታካሚው መብት ነው። የቲቢ መድኃኒትን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቋረጥ አይገባም።

ካንሰር መሆኑ በራጅ ብቻ አይረጋገጥም። ሲቲ ስካን ያስፈልጋል፤ ከዚያም ከዕጢው ወይም ከሽፋኑ ናሙና ተወስዶ በፓቶሎጂ ባለሙያ በአጉሊ መነጽር መታየት አለበት። ከተቀዳው ውኃ ውስጥ የካንሰር ሕዋስ ሊገኝ ይችላል፤ አልተገኘም ማለት ግን ካንሰር የለም ማለት አይደለም። በተለይ ሜሶቴሊዮማ በውኃ ምርመራ ብቻ ብዙ ጊዜ ያመልጣል። የክፍለ ከተማው ነዋሪ ከጤና ጣቢያ ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል፣ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ እንደ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ወዳሉ ከፍተኛ ሆስፒታሎች በሪፈር ሊሄድ ይችላል። በጥቁር አንበሳ እ.አ.አ በ2013 በአገሪቱ የመጀመሪያው የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ስፔሻሊስት ሐኪሞች ሥልጠና መጀመሩ ለዚህ ዓይነቱ ሕመም የሚሆን ባለሙያ በአገር ውስጥ እንዲፈራ በር ከፍቷል።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የካንሰሩ ዓይነት በናሙና ሳይታወቅ ስለ አዲስ መድኃኒት ማውራት ከንቱ ነው። የሳንባ ካንሰር አንድ በሽታ አይደለም፤ ዓይነቱ ብዙ፣ መድኃኒቱም የተለያየ ነው። ትክክለኛ የሕክምና ሙከራ የሚያካሂዱ ሐኪሞች በመጀመሪያ የሚጠይቁትም የናሙናውን ውጤት ነው። ውጤቱን ሳያይ «ለማንኛውም ካንሰር የሚሆን» የሚል ሰው ካጋጠመ እዚያው መጠራጠር ይገባል።

ክሊኒካዊ ሙከራ ምንድን ነው?

ክሊኒካዊ ሙከራ አንድ መድኃኒት፣ ቀዶ ሕክምና ወይም የእንክብካቤ ዘዴ በእርግጥ ይጠቅም እንደሆነ፣ ጉዳቱም ምን ያህል እንደሆነ በፈቃደኛ ሰዎች ላይ በሥርዓት የሚጠናበት መንገድ ነው። በቤተ ሙከራና በእንስሳት ላይ ከተጠና በኋላ በደረጃ ይካሄዳል።

በአንደኛው ምዕራፍ ጥቂት ሰዎች ይሳተፋሉ፤ የሚፈለገው የመድኃኒቱን ደኅንነትና ተገቢውን መጠን ማወቅ ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ ቁጥሩ ከፍ ይልና በበሽታው ላይ ለውጥ ማምጣቱ ይታያል። በሦስተኛው ምዕራፍ በመቶዎች ወይም በሺዎች የሚቆጠሩ ሕሙማን ይሳተፋሉ፤ አዲሱ ሕክምና እስካሁን ከሚሰጠው ጋር ይነጻጸራል። አራተኛው ምዕራፍ መድኃኒቱ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ የሚደረግ ክትትል ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ሙከራ ላይ ነው» ሲባል «ስንተኛው ምዕራፍ ላይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ነገር ይገልጣል። አንደኛው ምዕራፍ ላይ ያለ መድኃኒት ስለ ፈዋሽነቱ ገና ምንም አልተረጋገጠም።

በሦስተኛው ምዕራፍ ማን አዲሱን፣ ማን ነባሩን ሕክምና እንደሚያገኝ የሚወሰነው በዕጣ ነው። ይህ ብዙ ሰው ቅር የሚያሰኘው ነገር ነው፤ «ለምን ለእኔ አዲሱን አትሰጡኝም?» ይላል። ነገር ግን ዕጣ የሚወጣው የትኛው እንደሚሻል ሐኪሞቹም በእርግጥ ስለማያውቁ ነው። ሐኪሙ ደኅና የሚመስለውን ሰው መርጦ ለአዲሱ መድኃኒት ቢመድብ፣ መድኃኒቱ ባይሠራ እንኳ የሠራ ይመስላልና። ሌላው ፍርሃት «መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ሰጥተው ይተዉኛል» የሚለው ነው። ውጤታማ ሕክምና ባለበት በሽታ ታካሚን ያለ ሕክምና መተው የምርምር ሥነ ምግባር አይፈቅድም። በካንሰር ሙከራዎች አብዛኛውን ጊዜ አዲሱ መድኃኒት የሚነጻጸረው ከነባሩ ሕክምና ጋር ነው፤ ወይም በነባሩ ላይ ይጨመራል።

ሙከራዎች ያስተማሩን

«ይጠቅማል» ተብሎ የታመነ ነገር ሁሉ ይጠቅማል ማለት አይደለም። ለዚህ ከሁሉ የሚልቀው ማስረጃ የካሮት ቀለም ታሪክ ነው። ካሮትና ቅጠላ ቅጠል የሚያዘወትሩ ሰዎች በሳንባ ካንሰር ብዙም እንደማይያዙ ሲታይ፣ ተመራማሪዎች በካሮት ውስጥ የሚገኘውን ቤታ ካሮቲን በክኒን መልክ ብንሰጥ እንከላከላለን ብለው አሰቡ። በፊንላንድ 29 ሺህ 133 አጫሽ ወንዶች በተሳተፉበትና ውጤቱ እ.አ.አ በ1994 በወጣው ሙከራ ክኒኑን የወሰዱት ባልወሰዱት ላይ 18 በመቶ የበለጠ በሳንባ ካንሰር ተያዙ። በአሜሪካ ደግሞ 18 ሺህ 314 አጫሾች፣ ማጨስ ያቆሙ ሰዎችና በሥራቸው ለአስቤስቶስ የተጋለጡ ሠራተኞች በተሳተፉበት ሙከራ፣ ቤታ ካሮቲንና ቫይታሚን ኤ የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር 28 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሙከራው እ.አ.አ በ1996 መጀመሪያ ላይ ከጊዜው ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። በምግብነት የምንበላው ካሮት ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» በሚለው ግምት ነበር። ሙከራው ባይደረግ ኖሮ ክኒኑ እስከ ዛሬ በመከላከያነት ይሸጥ ነበር።

በሌላ በኩል ሙከራዎች ትልቅ ተስፋም አምጥተዋል። የሰውነትን የመከላከል አቅም በካንሰሩ ላይ የሚያነሣሡት መድኃኒቶች ለዚህ ምሳሌ ናቸው። የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ያለባቸውና ለዚህ መድኃኒት የሚስማማ ምልክት በዕጢያቸው ላይ የተገኘባቸው 305 ሕሙማን በተሳተፉበት ሙከራ፣ ፔምብሮሊዙማብ ከተመደበላቸው መካከል ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት 32 በመቶ ያህል ናቸው። ኬሞቴራፒ ከተመደበላቸው መካከል ግን 16 በመቶ ገደማ ነበሩ። በሳንባ ሽፋን ካንሰርም 605 ሕሙማን በተሳተፉበትና እ.አ.አ በ2021 በታተመ ሙከራ፣ ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ የተባሉት ሁለት መድኃኒቶች አማካይ የሕይወት ዘመንን ከ14 ወር ወደ 18 ወር ከፍ አድርገዋል።

እነዚህን ቁጥሮች በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። ሠላሳ ሁለት በመቶ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ነገር ግን ከሦስቱ ሁለቱ አምስተኛውን ዓመት አላዩም ማለት ነው። አራት ወርም ለቤተሰብ ብዙ ነው፤ መዳን ግን አይደለም። «አዲስ መርፌ ተገኝቷል» ብሎ ቤት ለመሸጥ የተነሣ ቤተሰብ ይህን ልዩነት አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። መድኃኒቶቹ እጅግ ውድ ናቸው፤ ለሁሉም ዓይነት የሳንባ ካንሰርም አይሆኑም።

አንዳንዴ ደግሞ ሙከራ ከከባድ ሕክምና ያድናል። በሜሶቴሊዮማ የታመመውን የሳንባ ሽፋን በትልቅ ቀዶ ሕክምና ገፍፎ ማውጣት ለረጅም ጊዜ ጥሩ አማራጭ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። በእንግሊዝ 335 ሕሙማን ተሳትፈውበት እ.አ.አ በ2024 በታተመው ሙከራ ቀዶ ሕክምናና ኬሞቴራፒ ያገኙት አማካይ የሕይወት ዘመን 19 ወር ሲሆን፣ ኬሞቴራፒ ብቻ ያገኙት 25 ወር ገደማ ሆነ። ከባድ የጤና ችግርም በቀዶ ሕክምናው በኩል በዝቶ ታየ። ለእንዲህ ያለው ቀዶ ሕክምና ባሕር ተሻግሮ ለመሄድ ያሰበ ሰው ይህን ውጤት ቢያውቅ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የቀረውን ጊዜም ያተርፋል።

ለእኛ አገር ከሁሉ የሚቀርበው ግን መድኃኒት ያልተሞከረበት ሙከራ ነው። በአሜሪካ ቦስተን ከተማ በቅርቡ የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር የተገኘባቸው 151 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ የተለመደውን የካንሰር ሕክምና ብቻ አገኙ። ግማሾቹ ደግሞ ከዚሁ ሕክምና ጋር ከመጀመሪያው ጀምሮ ሕመምን፣ የትንፋሽ ማጠርን፣ ጭንቀትንና የቤተሰብን ችግር የሚከታተል የማስታገሻ እንክብካቤ ቡድን ተመደበላቸው። እ.አ.አ በ2010 የታተመው ውጤት ብዙዎችን አስገረመ። የማስታገሻ እንክብካቤ ያገኙት የድብርት ስሜታቸው ቀነሰ፤ የኑሮ ሁኔታቸው ተሻለ፤ በመጨረሻው ጊዜ ከባድ ሕክምና የወሰዱት ቁጥር ያነሰ ሆኖ ሳለ አማካይ የሕይወት ዘመናቸው 11.6 ወር ሆነ። የሌሎቹ 8.9 ወር ነበር።

በእኛ ዘንድ ማስታገሻ ሲባል «ተስፋ ቆርጠውብናል» ተብሎ ይተረጎማል። ሙከራው ያሳየው ተቃራኒውን ነው። ሕመምን በሥርዓት ማስታገስ፣ የቋጠረውን ውኃ በጊዜው መቅዳትና ዳግም እንዳይሞላ ማድረግ፣ ታካሚውን ማረጋጋት ራሳቸው ሕክምና ናቸው። ይህ ውድ መርፌ አይጠይቅም። በከተማችን በዚህ አገልግሎት የሚታወቀው ሆስፒስ ኢትዮጵያ አለ፤ የካንሰር ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎችም ስለ ማስታገሻ እንክብካቤ ሊጠየቁ ይገባል።

አዲስ አበባ የምታውቀው ሙከራ

ክሊኒካዊ ሙከራ የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይደለም። የሳንባ ካንሰር መድኃኒቶች በብዛት የተሞከሩት በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በእስያ ነው። በሌላው የሳንባ ጠላት በመድኃኒት በተላመደ ቲቢ ላይ ግን የአዲስ አበባ ሕሙማን ለዓለም የተረፈ ሥራ ሠርተዋል።

መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ቀድሞ ወደ 20 ወር የሚዘልቅ ሕክምና ይጠይቅ ነበር። ከመድኃኒቶቹ መካከል በየዕለቱ የሚወጋ መርፌ ነበረበት፤ መርፌው የብዙዎችን ጆሮ አደንቁሯል። ስትሪም በተባለው ዓለም አቀፍ ሙከራ የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተሳታፊ ነበሩ። የመጀመሪያው ክፍል በኢትዮጵያ፣ በሞንጎሊያ፣ በደቡብ አፍሪካና በቬትናም 424 ሕሙማንን ያሳተፈ ሲሆን፣ እ.አ.አ በ2019 በወጣው ውጤት ከ9 እስከ 11 ወር የሚወስደው ሕክምና ከረጅሙ እንደማያንስ አረጋገጠ፤ የተሳካ ውጤት ያገኙት በረጅሙ 79.8 በመቶ፣ በአጭሩ 78.8 በመቶ ነበሩ። በሁለተኛው ክፍል መርፌው ቀርቶ በክኒን ብቻ የሚሰጥ ሕክምና ተሞከረ። እ.አ.አ በ2022 በወጣው ውጤት በክኒኑ 83 በመቶ፣ መርፌ ባለበት ሕክምና 71 በመቶ ጥሩ ውጤት አገኙ። ከባድ የመስማት ችግርም ከ9 በመቶ ወደ 2 በመቶ ወረደ።

እነዚያ ሕሙማን «መሞከሪያ» አልነበሩም። ምን እንደሚወስዱ ተነግሯቸው፣ ፈቅደው፣ በቅርብ ክትትል የታከሙ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ በኋላ የታመመው ሰው መርፌውንና ድንቁርናውን እንዲያመልጥ ያደረገው የእነሱ ፈቃደኝነት ነው። በሳንባ ካንሰርም አፍሪካውያን በሙከራዎች ውስጥ የሚኖራቸው ድርሻ ካላደገ፣ መድኃኒቶቹ በእኛ ሕሙማን ላይ እንዴት እንደሚሠሩ የምናውቀው ከሌሎች ተሞክሮ ብቻ ይሆናል።

መብትዎና መጠየቅ ያለብዎት

የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.አ.አ በ1964 ያጸደቀውና በየጊዜው የሚሻሻለው የሄልሲንኪ መግለጫ የታካሚው ደኅንነት ከምርምሩ ጥቅም እንደሚቀድም ይደነግጋል። በአገራችንም በሰው ላይ የሚካሄድ የመድኃኒት ሙከራ በምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ታይቶ መጽደቅ፣ ከኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ፈቃድ ማግኘት አለበት። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይህን ሥልጣን ለባለሥልጣኑ ሰጥቷል። ሙከራዎች በይፋ የሚመዘገቡበትና ማንም በነጻ ሊያየው የሚችለው የመላ አፍሪካ የክሊኒካዊ ሙከራዎች መዝገብም በደቡብ አፍሪካ ይገኛል።

ስለዚህ አንድ ሰው በሙከራ እንዲሳተፍ ሲጋበዝ፣ በአገር ውስጥም ይሁን በውጭ፣ የሚከተሉትን ሳይጠይቅ አይፈርም።

1. የእኔ ካንሰር ዓይነትና ደረጃ ምንድን ነው? በናሙና ተረጋግጧል?

2. ሙከራው ስንተኛው ምዕራፍ ላይ ነው? ከዚህ በፊት ምን ውጤት ተገኝቷል?

3. ባልሳተፍ የሚሰጠኝ ሕክምና ምንድን ነው?

4. አዲሱ ሕክምና የሚነጻጸረው ከምን ጋር ነው? ምድቡስ በዕጣ ነው?

5. ምን ጉዳት ሊደርስብኝ ይችላል? ጉዳት ቢደርስ የሚያክመኝና ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነው?

6. ስንት ጊዜ ልመላለስ ነው? የትራንስፖርቱን ወጪ ማን ይችላል? ከአቃቂ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ለደከመ ሰው ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

7. ሙከራው ሲያልቅ፣ መድኃኒቱ ከጠቀመኝ መውሰዴን እቀጥላለሁ?

8. የትኛው የሥነ ምግባር ኮሚቴ አጸደቀው? ቅሬታ ቢኖረኝ ለማን አቀርባለሁ?

ማብራሪያው ታካሚው በሚገባው ቋንቋ መሰጠት አለበት፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ምስክር ባለበት ሊነበብለት ይገባል። ቅጹን ወደ ቤት ወስዶ ከቤተሰብ ጋር መምከር ይቻላል። ከፈረመ በኋላም በማንኛውም ጊዜ ምክንያት ሳይሰጥ መውጣት ይችላል፤ በመውጣቱም የተለመደው ሕክምናው አይከለከልም። «ዛሬውኑ ካልፈረሙ ቦታው ያልፍብዎታል» የሚል ጥድፊያ ከእውነተኛ ምርምር ጋር አይሄድም።

ሌላም መለያ አለ። እውነተኛ ሙከራ ታካሚውን የሚሞከረውን መድኃኒት ግዛ አይለውም። «እርግጠኛ ፈውስ» ብሎም ቃል አይገባም፤ ፈዋሽነቱ እርግጠኛ ቢሆን ሙከራ ባላስፈለገ። ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ፈውስ ቃል የሚገባ፣ የሚፈረም ሰነድ የሌለው፣ የሆስፒታል መድኃኒትን አቁሙ የሚል ሁሉ ስሙ ምንም ይሁን ክሊኒካዊ ሙከራ አይደለም። የባህል መድኃኒት እየወሰደ ያለ ሰውም ለሐኪሙ መደበቅ የለበትም። አንዳንድ ዕፀዋት ጉበትንና ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ ከኬሞቴራፒ ጋርም ሊጋጩ ይችላሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚባለው ለዚህም ይሠራል።

ዛሬ ሊደረግ የሚችለው

ምንም ሙከራ ሳይጠብቁ አሁኑኑ ማድረግ የሚቻል ነገር አለ። የሚያጭስ ማቆም፤ ማቆም በየትኛውም ዕድሜ ይጠቅማል፤ ካንሰር ከተገኘ በኋላም ቢሆን ሕክምናው እንዲያግዝ ይረዳል። የብየዳ፣ የድንጋይ ቆረጣና የአቧራ ሥራ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ለሥራው በሚስማማ መተንፈሻ መከላከያ ቢሠራ ይመረጣል፤ ተራ የጨርቅ ጭምብል ደቃቅ አቧራንና ጭስን አያስቀርም። ድንጋይ ሲቆረጥ ውኃ እየተረጨ ቢሆን አቧራው ይቀንሳል። አስቤስቶስ ሊኖርበት የሚችል አሮጌ ክዳን ወይም የቧንቧ መጠቅለያ በመዶሻ አይሰበር፣ በደረቁ አይጠረግ፤ የሥራ ልብስም ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ፣ የመከላከያ መሣሪያ የማቅረብ ኃላፊነትን በአሠሪው ላይ ጥሏል። ሠራተኛውም የተሰጠውን መከላከያ የመጠቀም ግዴታ አለበት።

ወደ መጀመሪያው ቤት እንመለስ። ለእኚያ አባት የሚጠቅመው የመጀመሪያው ነገር ቤት መሸጥ አይደለም። ለሐኪማቸው የድሮ ሥራቸውን መንገር፣ «የቲቢ መድኃኒቱ ለውጥ አላመጣም፤ ናሙና ይወሰድልኝ» ማለት፣ ሪፈር መያዝና ውጤቱን እስከ መጨረሻው መከታተል ነው። ቲቢ ሆኖ ቢገኝ ይድናል፤ መድኃኒት የተላመደ ቢሆን እንኳ ዛሬ በክኒን የሚታከም ነው። ካንሰር ሆኖ ከተገኘ ዓይነቱና ደረጃው ታውቆ ያለው ሕክምና ይጀመራል፤ ማስታገሻውም ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይሰጣል። በዚህ መካከል የሕክምና ሙከራ ከተገኘ ደግሞ ስምንቱን ጥያቄዎች ይዘው ይቀመጡ። ባለቤታቸው «አባትሽን መሞከሪያ ልታደርጊው ነው?» ብለው መጠየቃቸው ትክክል ነበር። ትክክለኛው ሙከራ ይህን ጥያቄ አይፈራም፤ በጽሑፍ ይመልሰዋል።